የሸማኔዎቹ ታሪክ ጸሐፊ መቶ ዓመት

ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ ሐዋሳ ውስጥ መንገድ ብትወጡ የምታገኙት ሰው አብዛኛው ወጣት ሴት ነው። መታወቂያቸው አንገታቸው ላይ ተንጠልጥሏል። ትከሻቸው ላይ ነጠላ ወይም ሹራብ ጣል አድርገዋል። ምሳ ዕቃቸውን በፌስታል ይዘዋል። የፋብሪካ ሰርቪስ ይጠብቃሉ። አሁን ለምደነዋል እንጂ፣ ኢንዱስትሪ ፓርኩ ሐምሌ 2008 ዓ.ም. ከመመረቁ በፊት በዚህ ሰዓት መንገዱን የሚይዙት ቤተ ክርስቲያን ሳሚዎችና ወደ ሐይቁ የሚወርዱ ሰዎች ነበሩ።

እኔ ያለሁበት ግቢ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይታ የምትኖር ልጅ አለች። የመጣችው ከይርጋለም ወዲያ ካለ ገጠር ነው። ስፌት ላይ ትሠራለች። ማታ ማታ ስልኳ ላይ ሦስት አላርም ትሞላለች፤ አንዱ ባይቀሰቅሳት ሌላው እንዲቀሰቅሳት። አንድ ጊዜ እናቷ ሊጠይቋት መጥተው አደሩ። ሌሊት 10 ሰዓት ተኩል ላይ ስልኩ ሲጮህ ደንግጠው ብድግ አሉና፣ “እናንተ ሰፈር ዶሮ የለም እንዴ?” አሏት። ልጅቷ ይህን ስታወራ እስካሁን በሳቅ ትሞታለች።

እኔም ስቄ ነበር። በኋላ ግን ስለ አንድ እንግሊዛዊ የታሪክ ሰው ሳነብ የእናትየው ጥያቄ ተመልሶ መጣብኝ። ሰውየው ስለዚሁ ጉዳይ፣ ዶሮው መቼና እንዴት በደወል እንደተተካ፣ የጻፈ ነው። ስሙ ኤድዋርድ ፓልመር ቶምፕሰን። ብዙ ጊዜ ኢ.ፒ. ቶምፕሰን ይሉታል።

የተወለደው ጥር 25 ቀን 1916 ዓ.ም. ነው፤ በፈረንጆቹ የካቲት 3 ቀን 1924። መቶ ዓመቱ የሞላው ጥር 25 ቀን 2016 ዓ.ም. ነበር። በሁለቱም አቆጣጠር ቀኑ ሳይዛነፍ መግጠሙ ደስ ይላል። (ከዚህ በኋላ ዓ.ም. ካላልኩ ዘመኑ የፈረንጅ ነው ብላችሁ ያዙልኝ።)

የሕይወት ታሪኩን ቶሎ ልለፈው። አባቱ ሕንድ ውስጥ በሚሲዮናዊነት ያስተማረ ጸሐፊ ነበር። በኋላ የሕንድ ነጻነት ደጋፊ ሆነ። በኋላ የሕንድ ጠቅላይ ሚኒስትር የሆነውን ኔህሩን የመሰለ እንግዳ ኦክስፎርድ ወዳለው ቤታቸው ይመጣ ነበር። ታላቅ ወንድሙ ፍራንክ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ከቡልጋሪያ ፓርቲዛኖች (ሽምቅ ተዋጊዎች) ጋር ሲዋጋ ተይዞ በ1944 ተረሸነ። ቡልጋሪያ ውስጥ ዛሬም በስሙ የሚጠራ መንደር አለ። ኤድዋርድ ራሱ ያን ጊዜ ጣሊያን ውስጥ ታንከኛ ነበር። ተማሪ ሳለ ኮሚኒስት ፓርቲ ገብቷል። በ1956 የሶቭየት ታንክ ሃንጋሪ ሲገባ ግን ፓርቲውን ጥሎ ወጣ። እንደሱ የወጡት በሺህ ይቆጠራሉ። እምነቱን ግን አልጣለም። “ሶሻሊዝም እፈልጋለሁ፣ ታንኩን አልፈልግም” ዓይነት አቋም ነው፤ ይህን መያዝ በዚያ ዘመን ከሁለቱም ወገን ያስደበድብ ነበር።

ለእኔ ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ሥራው ነው። ከ1948 እስከ 1965 የማታ አስተማሪ ነበር። ሊድስ ዩኒቨርሲቲ ከግቢው ውጭ ለሚማሩ ጎልማሶች ያዘጋጀውን ትምህርት ሰሜን እንግሊዝ ውስጥ፣ ዮርክሻየር በሚባለው አካባቢ፣ ከከተማ ከተማ እየዞረ ይሰጥ ነበር። የሚኖረው ሃሊፋክስ ነው፤ የሱፍ ፋብሪካ ከተማ። ባለቤቱ ዶሮቲም የታሪክ ተመራማሪ ነበረች። ከተማሪዎቹ ብዙዎቹ ቀን ሥራ ውለው ማታ ደክሟቸው የሚመጡ ሰዎች ናቸው። እንዲህ ያለ ክፍል ውስጥ የማይገባ ነገር ብታወራ፣ የሚያንቀላፋው ሰው ይነግርሃል።

ከዚያ ክፍል አንድ መጽሐፍ ወጣ። ስሙ በአማርኛ “የእንግሊዝ ሠራተኛ መደብ አፈጣጠር” እንደማለት ነው። የታተመው በ1963 ነው። ከ800 ገጽ በላይ ነው፤ ትራስ ይሆናል።

መጽሐፉ የሚጀምረው በንጉሥ አይደለም። በጦርነትም አይደለም። ለንደን ውስጥ በ1792 አንድ መጠጥ ቤት በተሰበሰቡ ዘጠኝ ሰዎች ይጀምራል። የሰበሰባቸው ቶማስ ሃርዲ ነው፤ ጫማ ሰፊ። እራታቸውን ዳቦና አይብ በሉ፣ ቢራ ጠጡ፣ ከዚያ አንድ ጥያቄ አነሱ። ነጋዴና ሠራተኛ የሆንን እኛ ፓርላማው እንዲሻሻል የማድረግ መብት አለን ወይስ የለንም? የማኅበራቸው የመጀመሪያ ደንብ፣ “የአባሎቻችን ቁጥር ገደብ አይኑረው” የሚል ነበር። ዛሬ ይህ ምንም አይመስልም። በዚያ ዘመን ግን ፖለቲካ የባለ ርስት ጉዳይ ነው። ጫማ ሰፊ ስለ ፓርላማ ምን አገባው?

ቶምፕሰን መግቢያው ላይ ዓላማውን ተናግሯል። ካልሲ ሠሪውን፣ ሱፍ ከርካሚውን፣ ጊዜ አለፈበት የተባለውን የእጅ ሸማኔ፣ ሕልመኛ የተባለውን ባለ እጅ፣ ከኋላ የመጣው ትውልድ ከጫነባቸው ንቀት ላወጣ ነው አለ። ጆአና ሳውዝኮት የምትባል ነቢይትን የተከተሉትንም ጨመረ። ይቺ ሴት በ64 ዓመቷ “መሲሕ ልወልድ ነው” ያለች ናት። ተከታዮቿ ብዙ ነበሩ። ትንቢት የምትናገር ሴትና የሚከተላት ሕዝብ ለእኛ እንግዳ ነገር ስላልሆነ፣ ይቺ ምሳሌ ለሐዋሳ አንባቢ ማብራሪያ የምትፈልግ አይመስለኝም። ቶምፕሰን ሞኝነታቸውን አይክድም። ግን ሰው ምን ቢቸግረው ነው እንዲህ ያለ ተስፋ የሚይዘው ብሎ ይጠይቃል።

“ከኋላ የመጣው ትውልድ ንቀት” ምን ማለት ነው? ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንላለን አይደል? እኛ ውጤቱን አይተን ነው የምንፈርደው። ማሽኑ እንዳሸነፈ እናውቃለን። ስለዚህ ማሽኑን የተቃወመ ሁሉ ከላይ ሆነን ስናየው ደንቆሮ ይመስለናል። ሸማኔው ግን በ1812 ላይ ቆሞ ነው የሚያየው። ከፊቱ ያለውን አያውቅም። የሚያውቀው ልጁ መራቡን ነው፤ ትናንት የተከበረ ሙያው ዛሬ መናቁን ነው።

እዚህ ላይ ስለ ራሳችን ሸማኔ ትንሽ ላውራ። እኛ አገር ሸማኔ “ቁጢት በጣሽ” ይባል ነበር። ብረት ሠሪው “ጠይብ”፣ ቆዳ የሚሠራው “ፋቂ”። ስድቡ እጅግ ከመብዛቱ የተነሳ ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብ የሚከለክል አዋጅ እስከ ማውጣት ደርሰዋል። የሚገርመው ቋንቋችን ነው። የቀሚሱን ጠርዝ “ጥበብ” ብለን እንጠራለን። ጥበብ ማለት ደግሞ ዕውቀትም ነው። ጨርቁን ጥበብ ብለን ሠሪውን ክር በጣሽ አልነው። ቶምፕሰን ሊሰብረው የተነሳው ነገር ይሄ ነው፤ ሥራውን እያደነቁ ሠሪውን ከታሪክ ማስወጣት።

አሁን ወደ ሉዳይቶቹ። ስማቸው እንግሊዝኛ ውስጥ ስድብ ሆኖ ቀርቷል፤ ኮምፒውተር የሚፈራ ሰው ሁሉ ሉዳይት ይባላል። በ1811 እና በ1812 ሌሊት እየወጡ ማሽን የሰበሩ ሰዎች ናቸው። ቶምፕሰን ግን የትኛውን ማሽን ነው የሰበሩት ብሎ ጠየቀ። ኖቲንግሃም አካባቢ ካልሲ የሚሠሩት ሰዎች ያገኙትን ማሽን ሁሉ አልሰበሩም። ሰፊ ጨርቅ ሠርቶ፣ ቆራርጦ፣ ሰፍቶ “ካልሲ ነው” ብሎ የሚሸጥ ባለ ማሽን ነበር። ካልሲው ሁለት ቀን ሳይለበስ ይተረተራል። ሙያው ስሙ ይጠፋል፣ ዋጋው ይወርዳል፣ የሠራተኛው ክፍያ ይቀንሳል። የሰበሩት የእንዲህ ያለውን ነው። የሚገባውን ዋጋ የሚከፍል ሰው ማሽን እዚያው ጎን ቆሞ ምንም ሳይሆን ያድራል። ይህ ጭፍን ቁጣ ነው? ስፌት ላይ ለምትሠራው ጎረቤቴ ይህን ስነግራት “ኳሊቲ ነዋ የተቆጣጠሩት!” አለች። ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ የለኝም።

የመንግሥት መልስ ከባድ ነበር። በ1812 ማሽን መስበር በሞት የሚያስቀጣ ወንጀል ሆነ። በ1813 መጀመሪያ ዮርክ ከተማ ላይ 17 ሰዎች ተሰቀሉ።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ለሐዋሳ ሰው ቅርብ ነው። ያን ጊዜ እንግሊዝ ከናፖሊዮን ጋር ስትዋጋ ባወጣችው የንግድ ክልከላ ምክንያት የአሜሪካ ገበያ ተዘግቶ ነበር። የሰሜኑ ጨርቃ ጨርቅ ወላለቀ። ሸማኔው ለንደን ላይ በተፈረመ ወረቀት ምክንያት ሥራ ፈታ። እኛም በ2014 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ከአጎዋ ስትወጣ፣ ጨርቃችን ያለ ቀረጥ አሜሪካ የሚገባበት በር ሲዘጋ፣ ዋሽንግተን ላይ የተወሰነ ነገር ሐዋሳ የኪራይ ክፍል ድረስ ሲገባ አይተናል። ከጎረቤቴ ፊት ያቺን ክፍል ይዛ የነበረችው ልጅ ያን ጊዜ ነው ፍራሿን ጠቅልላ ወደ አገሯ የተመለሰችው።

ወደ ዋናው ሐሳብ ልምጣ፤ “መደብ” ወደሚለው። ይህ ቃል በአማርኛ ታሪክ አለው። የ1960ዎቹ (ዓ.ም.) ትውልድ “ላብ አደር”፣ “ንዑስ ከበርቴ”፣ “ጭቁኑ ሰፊው ሕዝብ” እያለ ሁሉንም ሰው ቦታ ቦታ አስያዘው። ቃሉ ራሱም ቦታ ነው፤ መደብ ማለት ከጭቃ የተሠራ መቀመጫ ነው። ጉሊት ውስጥም መደብ አለ። ስለዚህ መደብ ሲባል አእምሯችን ላይ የሚመጣው ተቀምጦ የሚጠብቅ ወንበር ነው። ፋብሪካ ሲከፈት ሰው ገብቶ ይቀመጥበታል።

ቶምፕሰን እንደዚህ አይደለም ይላል። መደብ ዕቃ አይደለም፤ በሰዎች መካከል የሚሆን ነገር ነው። ሰዎች አንድ ዓይነት ችግር አብረው ያልፋሉ። ያወራሉ። ዕድር ያቋቁማሉ። ጋዜጣ ጮክ ብለው ለማያነበው ያነባሉ። ይጣላሉ፣ ይታረቃሉ። ቀስ በቀስ “የእኛ” እና “የእነሱ” የሚባል ጥቅም እንዳለ ይገባቸዋል። መደብ የሚሆነው ያኔ ነው። ስለዚህ የእንግሊዝ ሠራተኛ በፋብሪካ ብቻ አልተሠራም፤ ራሱንም ሠርቷል። የመጽሐፉ ስም ውስጥ ያለው “አፈጣጠር” የሚለው ቃል ለዚህ ነው።

አሁን በጣም ወደምወደው ጽሑፉ ልለፍ። በ1971 ስለ ዳቦ ረብሻ የጻፈው ነው። በ18ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዝ ውስጥ እህል ሲወደድ ሕዝብ ይነሳ ነበር። የታሪክ ጸሐፊዎች ይህን በአንድ ቃል ያልፉት ነበር፤ ራባቸው፣ ረበሹ። የሆድ ነገር ነው። ሰው ሳይሆን ጨጓራ የተነሳ ይመስል።

ቶምፕሰን ግን ረብሻዎቹን አንድ በአንድ አያቸው። በ1766 ሆኒተን የምትባል ከተማ አካባቢ ዳንቴል ሠሪዎች የገበሬዎችን እህል ከየጎተራው አወጡ። ወደ ገበያ ወስደው ተገቢ ነው ባሉት ዋጋ ሸጡት። ከዚያ ገንዘቡን ለገበሬዎቹ መለሱ። ጆንያውንም መለሱ! ሌባ ጆንያ ይመልሳል? ይህ ሕግ ያለው ሰው ሥራ ነው። የድሮው ልማድ እህል በገበያ መሀል፣ በግልጽ ይሸጥ ይላል። መጀመሪያ ድሃው በትንሽ በትንሹ ይግዛ፣ ጅምላ ነጋዴው ቀጥሎ ይምጣ ይላል። ሕዝቡ የተነሳው ይህ ሲፈርስ ነው። በረሃብ ላይ ሌላ ነገር ነበር፤ ግፍ ተፈጽሟል የሚል እምነት። ቶምፕሰን ይህን “የሞራል ኢኮኖሚ” አለው።

በአማርኛ ይህን ማስረዳት ቀላል ነው፤ ምክንያቱም የእኛ ሆድ ጨጓራ ብቻ አይደለም። “ሆድ ባሰው” ስንል ተራበ ማለታችን አይደለም፤ ተበደለ ማለታችን ነው። ቂም የሚቀመጠው ሆድ ውስጥ ነው። ምሥጢርም እንደዚያው። “የሆድ ነገር ነው” ያሉት የእንግሊዝ ጸሐፊዎች አማርኛ ቢያውቁ ኖሮ ሳያስቡት እውነቱን ተናግረው ነበር።

ጤፍ ሲወደድ ሰፈር ውስጥ የሚወራውን አድምጡ። ሰው “ፍላጎት ከአቅርቦት በልጦ ነው” አይልም። “ደብቀውት ነው” ይላል። “በዚህ በጾም ሰሞን? ፈጣሪን አይፈሩም?” ይላል። ነጋዴ ይሉኝታ እንዲኖረው ይጠብቃል። በየከተማው የተከፈቱት የእሁድ ገበያዎችና የሸማቾች ሱቆች የቆሙት እዚሁ ስሜት ላይ ነው፤ አንዳንድ ዕቃ ዋጋው ለገበያ ብቻ አይተውም በሚል። የካቲት 1966 ዓ.ም. ቤንዚን ሲጨምር አዲስ አበባ ላይ ታክሲ ነጂዎች ሥራ ያቆሙትም ስለ ሳንቲም ብቻ አልነበረም። የእነሱ ታሪፍ እንደተቆለፈ ነዳጁ ብቻውን መውጣቱ ነው ያንገበገባቸው። መንግሥት ዋጋውን መቀነስ ግድ ሆነበት። ከወራት በኋላ ንጉሡም ወረዱ።

ሕዝቡ ሁልጊዜ ልክ ነው ማለቴ እንዳልሆነ ይታወቅልኝ። “ደብቀውት ነው” የሚለው ወሬ ምንም ያልደበቀ ነጋዴ ላይም ይወርዳል። ቶምፕሰን ይህኛውን ጎን ትንሽ ቀለል አድርጎ ያለፈው ይመስለኛል።

የእናትየው ዶሮ ያለው በ1967 ባወጣው ጽሑፍ ውስጥ ነው። ስለ ሰዓትና ስለ ሥራ ነው። ጥያቄው ይሄ ነው፤ ሰው በደወል ተነስቶ፣ በደወል በልቶ፣ በደወል ወደ ቤቱ መሄድን እንዴት ለመደ? ተፈጥሮው አይደለምና።

ከፋብሪካ በፊት ሰዓትን የሚወስነው ሥራው ነበር። ላሟ ስትታለብ፣ አዝመራው ሲደርስ፣ ማዕበሉ ሲወርድ። ቶምፕሰን ከማዳጋስካር ያመጣው ምሳሌ አለ፤ ግማሽ ሰዓት ያህል “ሩዝ እስኪበስል” ነው፣ ቅጽበት ደግሞ “አንበጣ እስኪጠበስ”። እኛስ? “ቡና እስኪፈላ ጠብቀኝ” እንላለን። ጎህ ሲቀድ፣ ረፋድ ላይ፣ ከብት ሲገባ፣ ለዓይን ሲይዝ። ሐይቁ ዳር አሞራ ገደል ሄዳችሁ ዓሣ አጥማጁን ስንት ሰዓት ትሠራለህ ብትሉት ግር ይለዋል። መረቡን ማታ ይጥላል፣ ሲነጋ ያወጣል። ቆሮሶው ከተያዘ ቶሎ ይገባል፣ ካልተያዘ ይቆያል። ከዚያ ቁጭ ብሎ መረቡን ይጠግናል፣ ያወራል፣ አባ ኮዳዎቹን ያባርራል። ሥራውና ኑሮው በአጥር አልተለዩም።

የሲዳማን አቆጣጠር አስቡ። የገበያው ሳምንት አራት ቀን ነው፤ ዲኮ፣ ዴላ፣ ቀዋዶ፣ ቀዋላንካ። በ2015 በዩኔስኮ የተመዘገበው ፍቼ ጨምበላላ የሚውልበትን ቀን አያንቶ የሚባሉት ኮከብ ቆጣሪዎች ሰማይ አይተው ነው የሚወስኑት። እዚህ ጊዜ ውስጥ ያደገች ልጅ ናት አንድ ቀን ከሰኞ እስከ ቅዳሜ፣ ከዚህ ደቂቃ እስከዚያ ደቂቃ ወዳለበት አዳራሽ የምትገባው። የሚያስቸግራት ማሽኑ ብቻ አይደለም።

እንግሊዞቹም በቀላሉ አልተገሩም። “ቅዱስ ሰኞ” የሚባል ነበራቸው። ባለ እጁ እሁድ ጠጥቶ ሰኞ ሥራ አይገባም፤ ሲጠየቅ “ዛሬ ቅዱስ ሰኞ ነው” ይላል። እንደዚህ የሚባል ቅዱስ ግን የለም። እኛ እንኳን ሚካኤልን በ12፣ ገብርኤልን በ19 ስናከብር እውነተኛ ስም አለን! አሠሪው ግን ሁለቱንም በአንድ ዓይን ነው የሚያየው።

ከዚያ ቁጥጥሩ መጣ። ክራውሊ የሚባል ብረት ፋብሪካ ከ1700 አካባቢ ጀምሮ ያዘጋጀው የደንብ መጽሐፍ ማን ስንት ደቂቃ እንደገባና እንደወጣ የሚመዘግብ ሰው ይሾማል። ሰዓቱንም ከሹሙ በቀር ማንም እንዳይነካ ያዛል። በኋላ አንዳንድ ፋብሪካ ውስጥ ተንኮል ተጀመረ። አሠሪው የግድግዳውን ሰዓት ጠዋት ያስቀድማል፣ ማታ ያዘገያል። ሠራተኛ የኪስ ሰዓት ይዞ መግባት የሚከለከልበት ቦታ ነበር፤ ይዞ የተገኘ ይባረራል።

እኔ ፋብሪካ ሠርቼ አላውቅም። ግን በወጣትነቴ አንድ መሥሪያ ቤት ነበርኩ። የፊርማ መዝገብ ነበረ። 2 ሰዓት ተኩል ሲል ኃላፊው ቀይ እስክሪብቶ አውጥቶ መስመር ያሰምራል። ከመስመሩ በታች የፈረመ ዘግይቷል። ችግሩ መስመሩ የሚሰመረው በኃላፊው እጅ ሰዓት ነው፤ የእሱ ሰዓት ደግሞ ሁልጊዜ አምስት ደቂቃ ይቀድም ነበር። ማንም አልተናገረም። ሁላችንም የእጅ ሰዓታችንን ከእሱ ሰዓት ጋር አስተካከልን። ቶምፕሰንን ሳነብ የዚያን ቀይ መስመር ነገር ነው ያስታወስኩት።

ሰዓት ሲመጣ ጊዜ ራሱ ጠባዩን ቀየረ ይላል ቶምፕሰን። ድሮ ያልፍ የነበረው ጊዜ እንደ ብር የሚወጣ ሆነ። አማርኛችን ሁለቱንም ይዞ ቀርቷል። “ጊዜ አሳለፍን” እንላለን፤ ይህ የድሮው ነው፣ ጥፋት የለበትም። “ጊዜዬን አታባክን” ስንል ግን ገንዘብ ቆጣሪ ሆነናል።

ከዚያ ይቺን ነገር ይላል። የመጀመሪያውን የፋብሪካ ትውልድ አሠሪዎቹ ሰዓት አስተማሩት። ሁለተኛው ትውልድ “የሥራ ሰዓት ይጠር” ብሎ ኮሚቴ አቋቋመ፤ በ1847 የአሥር ሰዓት ሕግ የወጣው ከዚያ ትግል ነው። ሦስተኛው ትውልድ ለትርፍ ሰዓት አንድ ተኩል ክፍያ ሥራ አቆመ። ጊዜ ገንዘብ ነው የተባሉትን ትምህርት በደንብ ተማሩትና መልሰው ሂሳብ ጠየቁበት።

እኛ አገር ቅደም ተከተሉ ትንሽ ይገርማል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 (ዓ.ም.) የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 አይበልጥም ይላል። የቀን ትርፍ ሰዓት አንድ ተኩል እጥፍ ይከፈላል፤ ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ 1.75፣ በዕረፍት ቀን ሁለት፣ በሕዝብ በዓል ሁለት ተኩል እጥፍ። እንግሊዞቹ ሦስት ትውልድ የፈጀባቸው ነገር እኛ ዘንድ የመጀመሪያው የፓርክ ትውልድ ገና አላርም መሙላት ሳይለምድ ወረቀት ላይ ሰፍሯል። ወረቀት ላይ መስፈሩና ልጅቷ ማወቋ ግን ሁለት ነገር ነው።

እንደ ቶምፕሰን ያለ “አክቲቪስት የታሪክ ጸሐፊ” ሲባል ብዙ ሰው ፊቱን ያጨፈግጋል። ታሪክን ለዓላማው ያጣምማል ማለት ነው? ቶምፕሰን ወገንተኛ ነበር፤ አልደበቀም። ግን ማስረጃ አያያዙን እዩ። የሉዳይቶቹ ታሪክ በብዛት የሚገኘው የት ነው? ጆሮ ጠቢዎች ለመንግሥት በላኩት ሪፖርት ውስጥ። ጆሮ ጠቢ ደግሞ የሚከፈለው ወሬ ሲያመጣ ነው። ወሬ ከሌለ ይፈጥራል። ኦሊቨር የሚባለው ሰላይ በ1817 ራሱ “አመጽ ተዘጋጅቷል፣ ተነሱ” እያለ ሰው አነሳስቶ፣ ፔንትሪች በተባለው መንደር የተነሱት ሦስቱ ተሰቅለዋል። ስለዚህ ቶምፕሰን እያንዳንዱን ሪፖርት “ይህን የጻፈው ማነው? ስንት ተከፍሎት?” እያለ ያነባል። ወገንተኝነቱ ጥያቄ እንዲያበዛ ነው ያደረገው። ወገን የለኝም የሚለው ጸሐፊ ብዙ ጊዜ የመንግሥትን መዝገብ እንዳለ ነው የሚገለብጠው።

ቀልዱ በኋላ መጣ። ከ1965 ጀምሮ ዎሪክ ዩኒቨርሲቲ ያስተምር ነበር። በ1970 ተማሪዎች የአስተዳደሩን ቢሮ ሲይዙ ስለ መምህራንና ተማሪዎች ፖለቲካ የተቀመጡ ፋይሎች አገኙ። የ1812ን ጆሮ ጠቢዎች ሲያጠና የኖረው ሰው ከራሱ ግቢ ፋይል ወጣለት! መጽሐፍ አዘጋጅቶ አጋለጠ፣ ብዙም ሳይቆይ ሥራውን ለቀቀ። ከዚያ በኋላ በአብዛኛው በብዕሩ ኖረ።

በ1980ዎቹ ደግሞ ታሪክ መጻፉን ለዓመታት አቆመና በኑክሌር ላይ ተነሳ። የእንግሊዝ መንግሥት “ራስህን ጠብቅ፣ ትተርፋለህ” የምትመስል ቡክሌት አዘጋጅቶ ነበር፤ ቦምብ ሲመጣ መስኮትህን ነጭ ቀባ፣ በርህን ነቅለህ ግድግዳ ላይ አስደግፈህ ከሥሩ ግባ ትላለች። ቶምፕሰን መልሱን “ተቃወም፣ ትተርፋለህ” ብሎ አወጣ። ከጓደኞቹ ጋር ከፖላንድ እስከ ፖርቱጋል ከኑክሌር ነጻ የሆነ አውሮፓ እንዲኖር ጠየቀ። ዋሽንግተንንም ሞስኮንም አንድ ላይ ወቀሰ። ጤናው እየደከመ ሄዶ በ1993 ሞተ።

ጉድለቱንም መናገር አለብኝ። ትልቁ መጽሐፉ ውስጥ ሴቶች ትንሽ ናቸው። እንደ ጆአን ስኮት ያሉ የታሪክ ተመራማሪዎች ይህን አጥብቀው ተችተዋል፤ ሠራተኛ ሲባል ዓይኑ ላይ የሚመጣው ባለ ሙያ ወንድ ነው። ሌላው ጥጡ ነው። ላንካሻየር በሚባለው የእንግሊዝ አካባቢ ያሉት ማሽኖች የፈተሉት ጥጥ ብዙው አሜሪካ ውስጥ ባሪያ የለቀመው ነው። ያ ለቃሚ መጽሐፉ ውስጥ የለም ማለት ይቻላል። ሰውን ከንቀት ላወጣ ብሎ የተነሳ ሰውም የሚረሳው ሰው አለ። ሐዋሳ ሆኖ ለሚያነብ የመጀመሪያው ጉድለት በተለይ ይጎላል፤ ሰርቪስ የሚጠብቀውን ሰልፍ ያየ ያውቀዋል።

ባለፈው ቅዳሜ ማታ ጎረቤቴ አንድ ደብተር ይዛ መጣች። ትንሽዬ፣ የሱቅ ዱቤ የሚጻፍባት ዓይነት። ከፍታ አሳየችኝ። ማክሰኞ 2 ሰዓት። ሐሙስ 2 ሰዓት ተኩል። እሁድ ሙሉ ቀን። የወሩ ትርፍ ሰዓቷ ነው፤ በራሷ እጅ፣ በራሷ ስልክ ሰዓት የተጻፈ።

“ጋሼ፣ እሁድ በስንት ነው የሚባዛው?”

“በሁለት።”

“ሌላውስ?”

“ማታ ከ4 ሰዓት በፊት ከሆነ በአንድ ተኩል።”

ካልኩሌተር አውጥታ ማባዛት ጀመረች። አንዱን ቀን ስትደርስበት ቆም አለች፤ ስንት ሰዓት እንደወጣች አልጻፈችም። አሰበች፣ አሰበች። “አዛን ሲል ነው የወጣነው” አለች።

“የትኛው አዛን?”

“የማታው። የመጨረሻው።”

እሱን በሰዓት ስንት ነው እያልን ስንከራከር አላርሟን ያልሞላች መሆኑ ትዝ አላትና ደብተሩን አጥፋ ሄደች።